ከክቡ ውጭ

ለተ ብርሃን የስቱዲዮውን በር በትርፍ ቁልፏ ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የባሏ ጫማ ላይ ነበር። አንደኛው እግር ብቻ፣ ከኋላ ክፍሉ ደጃፍ ላይ በጎኑ ተጋድሟል።

«ሕሉፍ፣ እዚሁ ነው እንዴ ያደርከው?» አለች።

አላማጣ ያሉ እናቷን ስታስታምም ሁለት ቀን ሰንብታ ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ መመለሷ ነው። ቤት ስትደርስ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ የሕሉፍ ስልክም ዝግ ነው። ሥራ በዝቶበት እዚያው አንቀላፍቶ ይሆናል ብላ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው መጣች። የኋላ ክፍሉን መጋረጃ ስትገልጥ ግን ሕሉፍ ከወንበሩ ተንሸራቶ፣ ግንባሩን ከጠረጴዛው እግር አስደግፎ፣ ደሙ ወለሉ ላይ ደርቆ አገኘችው። ጩኸቷ ከዋናው መንገድ ማዶ የቆሙትን ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀር እያስሮጠ አመጣቸው።

ኢንስፔክተር ሙህሲን አሊ ሲደርስ በሩ በሰው ተጨናንቋል። ሙህሲን ቆቦ ውስጥ ዐሥራ አምስት ዓመት ወንጀል ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ሬሳ አይቶ አይደነግጥም። ይሄኛው ሬሳ ግን የሚያውቀው ሰው ነበር። በዚያች ከተማ ሕሉፍ ያላነሣው ሙሽራ፣ ሕሉፍ ያላነሣው ተመራቂ ማን አለ? የሙህሲንን የሰርግ ፎቶ ያነሣው እሱ ነው። የልጁን የኢቅራን የመጀመሪያ ጉርድ ፎቶም እንደዚሁ።

ረዳቱ ዋና ሳጅን ቆንጅት ጓንቷን አጥልቃ ክፍሉን ስታገላብጥ ቆይታለች።

«በሩ አልተሰበረም» አለችው። «ከውጭ ነው የተቆለፈው። የገደለው ሰው የሟችን ቁልፍና ስልክ ይዞ ወጥቷል። የኮምፒውተሩን ሲፒዩም ነቅሎ ወስዷል።»

ሙህሲን ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር የተንጠለጠሉትን ገመዶች አየ። ቀና ሲል ሁለቱ ካሜራዎች ከነሌንሳቸው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

«ካሜራ ትቶ ሲፒዩ የሚሸከም ሌባ የለም» አለ። «ሰውየው የፈለገው ውስጡ ያለውን ነገር ነው።»

«የመታው ከኋላው ቆሞ ነው፤ በዚያ በመብራቱ ብረት ማቆሚያ። ደግሞ ይሄን ይዩልኝ።»

መስኮቱ ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች ነበሩ፤ አንደኛው ተጨርሷል፣ ሁለተኛው ከግማሽ በላይ አለ። የጎረቤቱ ሻይ ቤት አስተናጋጅ ተጠርታ መጣች። ሐሙስ ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ሕሉፍ በመስኮት ተጣርቶ ሁለት ሻይ እንዳዘዘ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰሃኑን ራሱ እንደተቀበላት ነገረቻቸው። እንግዳውን አላየችውም። «ጋሽ ሕሉፍ ግን ደስ ብሎት ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

የጤና ባለሙያው ሬሳውን መርምሮ ሲጨርስ «ትናንት ከሰዓት ነው፤ ከስምንት እስከ ዐሥር ባለው ውስጥ» አለ።

ሬሳው ሲወጣ ከሕዝቡ መሐል አንድ ረጅም ሰው እየተጋፋ መጣ። በድረዲን ነው፤ የሙህሲን ሚስት የመይሙና ወንድም። ሙህሲን፣ በድረዲንና ሕሉፍ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ሙህሲን መይሙናን ያገባውም በዚሁ ወዳጅነት ነው። በድረዲን ቃሬዛው እስኪያልፍ ቆመ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፣ የሙህሲንን እጅ ጨብጦ። «ማነው ይሄን ያደረገ? ሙህሲን፣ ማነው?»

«አላውቅም» አለው ሙህሲን። «አገኘዋለሁ።»

በዚያው ዕለት ከሰዓት ሕሉፍ ሲቀበር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ድንኳን ያስተከለው በድረዲን ነው። ወንበር ያስመጣው፣ ለተ ብርሃንን ደግፎ ከመቃብር የመለሳት፣ የሬሳ ሳጥኑን የፊት ቀኝ የተሸከመውም እሱ ነው።

* * *

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ለመፈለግ የሚያደክም አልነበረም። ተስፋይ የሕሉፍ የቀድሞ ሸሪክ ነው። ባለፈው ዓመት በስቱዲዮው ስም ተጣልተው ተለያይተዋል፤ ሲለያዩም ገበያ መሐል ተያይዘው፣ ተስፋይ «አጠፋሃለሁ!» ሲል ሰው ሁሉ ሰምቷል። ቅዳሜ ጠዋት ቃሉን ሲሰጥ ሐሙስን ሙሉ ጎብዬ ምርቃት ሲያነሣ እንደዋለ ተናገረ። ቆንጅት ወጣ ብላ ሁለት ቦታ ደወለችና ተመለሰች።

«ጎብዬ ሐሙስ ምርቃት አልነበረም» አለች።

የተስፋይ ፊት አመድ መሰለ።

«ለምን ዋሸህ?» አለው ሙህሲን።

«ማን ያምነኛል? አጠፋሃለሁ ብዬ የዛትኩበት ሰው ሞቶ!» እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «በማርያም ኢንስፔክተር፣ ልታረቀው ነው የሄድኩት። ዓመት ሙሉ በመንገድ ስንተላለፍ አንገቴን ስደፋ ሰለቸኝ። ስምንት ተኩል ገደማ ነው። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሲስቅ ሰማሁት። የሱን ሳቅ ያውቁታል፤ ከሆዱ ነው። አብሮት ሌላ ወንድ ይስቃል። እኔ ደጅ ቆሜ እነሱ የሚስቁብኝ መሰለኝ። ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ደግሜ ባንኳኳ ኖሮስ? ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ነው የማስበው።»

«ድምፁን ለየኸው?»

«አልለየሁም። ግን እንግዳ ሰው አይደለም። ሕሉፍ ከማያውቀው ሰው ጋር እንደዚያ አይስቅም።»

ተስፋይ በፖሊስ ጣቢያ ቆየ። ሙህሲን አላመነውም፤ ቆንጅት ግን አምናዋለች። እሑድ ጠዋት እሷ አንድ ባጃጅ ነጂ ይዛ መጣች። ሰውየው ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ከገበያው ጀርባ አንድ መንገደኛ አሳፍሯል፤ ራሱንና ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ከባድ ጆንያ ታቅፎ፣ ወደ ዋጃ የሚሄዱት ሚኒባሶች ዘንድ የወረደ መንገደኛ።

«ጆንያውን ላግዝህ ብለው እምቢ አለኝ» አለ ነጂው። «እንደ ልጅ ነው ያቀፈው።»

«ተስፋይ ነበር?»

«ኧረ ተስፋይን አውቀዋለሁ! ሰርጌን ያነሣው እሱ ነው። ያ ሰውዬ ረጅም ነው፤ ጉልበቱ የባጃጁን ወንበር ይገፋ ነበር።»

ነጂው ሲወጣ ቆንጅት ማስታወሻዋን ገለጠች። «ከሕሉፍ ጋር ሻይ የሚጠጣ፣ የሚሳሳቅ፣ ረጅም፣ ወደ ዋጃ የሚሄድ» አለች። ማስታወሻዋን ዘጋችና «ኢንስፔክተር፣ አይቆጡኝ። አቶ በድረዲን ሐሙስ የት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች።

ሙህሲን ተቆጣ። «ዋጃ ነበር፤ የሙዓዊያ ሰርግ ላይ። እኔ ተረኛ ባልሆን አብሬው እሄድ ነበር።»

«ያየ ሰው አለ?»

«እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት!» ስልኩን አወጣና ከፍቶ ሰጣት። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ከበድረዲን የመጣ መልእክት ነው። «ዋጃ ሰርግ ላይ ነን፤ ቀርተህብናል» ይላል። ከላዩ ፎቶ አለ፦ በድረዲንና ሙሽራው ሙዓዊያ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ በነጭ ወረቀት መሐል እንደ ሳንቲም ክብ ሆነው የተቀመጡበት። «ለሙዓዊያም ደውያለሁ። 'በድረዲን ሰርግህ ላይ ነበር?' አልኩት፣ 'ነበር' አለኝ። ይበቃሻል?»

ቆንጅት ፎቶውን አተኩራ አየችው። «ለምን ክብ ሆነ?» አለች።

«ምን?»

«ሰው ሰርግ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚልከው ፎቶ አራት ማዕዘን ነው። ይሄን ማን አከበበው?»

«ዘመኑ ነዋ! በየስልኩ ስንት ነገር አለ።» ስልኩን ተቀብሏት ኪሱ ከተተው። ጥያቄዋ ግን አብሮት ቤቱ ድረስ ሄደ።

ቤት ሲደርስ በድረዲንና መይሙና ምሳ አቅርበው እየጠበቁት ነበር። ኢቅራ የአጎቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። በድረዲን እንደ ወትሮው ስለ ምርመራው ጠየቀው፤ ሙህሲንም እንደ ወትሮው ነገረው። የሁለቱን ብርጭቆ ነገር፣ የተስፋይን ቃል፣ የባጃጁን ሰውዬ፣ አንድም ሳያስቀር።

«ተስፋይ ነው» አለ በድረዲን፣ እጁን እየታጠበ። «ሰው አሠማርቶ ይሆናል። አብሽር፣ ይወጣል።»

* * *

ተስፋይ ከታሰረ ወዲህ አንድ ጠቃሚ ነገር የተናገረው ሰኞ ጠዋት፣ ሻይ ሲቀርብለት ነው። «ሕሉፍ ሥራ ሲበዛበት እኮ ለሂባ ነበር የሚልከው» አለ። «ጎብዬ ያለችው ተማሪው። በቴሌግራም ይልክላታል፣ እሷ ጨርሳ ትመልስለታለች። ሲፒዩው ቢጠፋ የሥራው ግማሽ እሷ ጋ ሊኖር ይችላል።»

ሙህሲንና ቆንጅት ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎብዬ፣ ከገበያው በላይ ካለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሂባ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሻርፗን እያስተካከለች ላፕቶፗን ከፈተች፤ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል።

«የላከልኝን ከሞተ ወዲህ አልነካሁትም» አለች። «ሐሙስ አንድ ፋይል ልኮልኛል። ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ይላል። የመጨረሻ መልእክቱ ነው። 'ሂባ፣ ክቡን ዙሪያውን በአበባ አስጊጪው፤ ለሙሽራው ስጦታ ነው' ነው የሚለው።»

«ክፈችው» አለ ሙህሲን።

ፋይሉ ተከፈተ። በነጭ ወረቀት መሐል፣ በክብ ውስጥ፣ በድረዲንና ሙዓዊያ ተቃቅፈው ይስቃሉ።

ሙህሲን ስልኩን አውጥቶ ከስክሪኑ ጎን ያዘው። ያው ፎቶ ነው። ሙዓዊያ ያነሣት ጣት ሳትቀር ያችው ናት።

«ክቡ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለች ቆንጅት ቀስ ብላ።

«ማስክ ይባላል» አለች ሂባ። «ቅርጽ እንሥላለን፤ ክብ ይሁን፣ ልብ ይሁን፣ የፈለግነውን። ከዚያ ፎቶውን ቅርጹ ውስጥ እናስገባዋለን። ቅርጹ ውስጥ የገባው ይታያል፤ ከቅርጹ ውጭ ያለው ይሸፈናል።»

«ይቆረጣል ማለት ነው?»

«አይቆረጥም። አለ። ተሸፍኖ ነው እንጂ።» ክቡን ነካችና ማስኩን አነሣችው።

ፎቶው በአንዴ ሰፋ። በክቡ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች አሁን የአንድ ትልቅ ግቢ ጥግ ሆኑ። ከበስተጀርባቸው ድንኳኑ በግማሽ ተወጥሮ፣ ሦስት ሰዎች ምሰሶውን ይጎትታሉ። ለምሳ የሚታረደው ሰንጋ ግንድ ላይ ታስሮ ቆሟል። ወንበሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ገና አልተዘረጉም። የሰዎቹ ጥላ ረጅም ነው።

«ጠዋት ነው» አለች ቆንጅት። «ሰንጋው እንኳ አልታረደም።»

ሙህሲን ለመጨረሻ ጊዜ ወዳጁን ሊያድነው ሞከረ። «ጠዋት ፎቶውን ተነሥቶ፣ ዋጃ ሆኖ ለሕሉፍ በቴሌግራም ልኮለት ይሆናል። ሠርቶ መለሰለት፣ እሱም ለእኔ ላከ።»

ሂባ ራሷን ነቀነቀች። «በቴሌግራም ዝም ብሎ የተላከ ፎቶ ይጠባል፤ ጥራቱ ይወርዳል። ይሄ ግን ሙሉ መጠኑ ነው። ፎቶው ከተነሣበት ስልክ በገመድ የተቀዳ ነው። ሌየሩ፣ ማለት ፎቶው የተቀመጠበት ንጣፍ ስም ላይ ደግሞ ጋሽ ሕሉፍ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው 'ከስልክ፣ በድሩ' ብሎ ጽፎበታል።»

በድሩ። በድረዲንን እንደዚያ የሚጠራው በዓለም ላይ ሕሉፍ ብቻ ነበር።

ከውጭ የገበያተኛ አህያ ያናፋል።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ሂባ። «ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ባለፈው ወር ጋሽ ሕሉፍ አንድ የሽማግሌዎች ፎቶ ላይ አንዲት ሴት እንድጨምርበት አድርጎኝ ነበር። የቤተሰብ መታሰቢያ ነው፣ ልጃቸው ያን ዕለት ስላልነበረች ነው ብሎኝ። የዛሬ ሳምንት ግን 'ያንን ፋይል እንዳታጠፊው፤ ለሌላ ነገር እንደዋለ ሰማሁ' ብሎ ጻፈልኝ።»

ከፈተችው። ሙህሲን አማቱን አወቃቸው፤ የመይሙናና የበድረዲን አባት፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ከመሞታቸው በፊት ሾላው ሥር አልጋቸው ላይ ተደግፈው ስለ መሬታቸው ለሽማግሌዎች ሲናዘዙ የተነሡት ፎቶ ነው። ከአልጋው ራስጌ፣ ከአባቷ አጠገብ፣ መይሙና ቆማለች። የገዛ ሚስቱ።

«ይህቺን ሴት ከየት አመጣሻት?»

«ከሰጡኝ ሌላ ፎቶ ላይ። በዙሪያዋ ቅርጽ ሥዬ...»

«ማስኩን አንሺው።»

ሂባ አነሣችው። ከመይሙና ጎንና ጎን ሰዎች ብቅ አሉ። የዒድ ዕለት ነው። በቀኟ እሱ ራሱ፣ ሙህሲን፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ቆሟል፤ በግራዋ በድረዲን። ሦስቱም ይስቃሉ። ይሄው ፎቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ያየዋል። ሂባ ከስክሪኑ ወደ ሙህሲን፣ ከሙህሲን ወደ ስክሪኑ አየችና አፏን በሻርፗ ሸፈነች።

ሙህሲን ወጣ ብሎ ለሚስቱ ደወለ።

«መይሙና፣ አባትሽ ሽማግሌ ሰብስበው የተናዘዙ ዕለት አጠገባቸው ነበርሽ?»

«ምን ነካህ? ኢቅራን ልወልድ ደሴ ተኝቼ አልነበር? እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ አይደል!»

«ከአባትሽ መሬት ድርሻዬን ትቻለሁ ብለሽ የፈረምሽው ወረቀት አለ?»

«ድርሻዬን? በድረዲን እያረሰ ያለው ለሁለታችንም አይደል እንዴ? ምን ተፈጠረ?»

«ስመጣ እነግርሻለሁ» አላትና ስልኩን ዘጋ።

* * *

የቀረው ፈጥኖ ተገኘ። ቆንጅት ወረቀቱን ከመሬት አስተዳደር ቢሮ እስከ እኩለ ቀን አመጣችው፦ መይሙና ከጎሊና ወንዝ ዳር ካለው መስኖ ገብ መሬት ድርሻዋን በአባቷና በሽማግሌዎች ፊት ለወንድሟ እንደተወች የሚገልጽ ስምምነት፣ የማይታወቅ የጣት አሻራ ያለበት፣ ለማስረጃም ያ የሾላው ሥር ፎቶ የተያያዘበት። በዚህ ወረቀት በድረዲን መሬቱን በሙሉ ለአንድ ባለሀብት ለረጅም ዓመት ሊያከራይ ተስማምቷል።

ሙህሲን ለሙዓዊያም እንደገና ደወለ። በዚህኛው ጊዜ «ነበር ወይ» ብሎ አልጠየቀም። «ምሳ ሲበላ የት ተቀምጦ ነበር?» አለው።

ሙሽራው አሰበ። «ምሳ ላይስ አላየሁትም። ጠዋት ድንኳን አስተከለ። ከዚያ ያየሁት ዐሥር ሰዓት አልፎ ሲጨፍር ነው። ልብሱን ቀይሮ ነበር።»

ምርመራውን ለሌላ ሰው ማስረከብ እንዳለበት ሙህሲን ያውቃል፤ ለአለቃው ነግሮ ነበር። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በድረዲን ሲያዝ እሱም እንዲገኝ። በድረዲን ሽንኩርት ማሳው ውስጥ ውሃ እየመራ ነበር። የውሃ ሞተሩ ከሩቅ ይንደቀደቃል። ሙህሲን ብቻውን ሲመጣ አይቶ ፈገግ አለ።

«ምነው ኢንስፔክተር፣ ሽንኩርት ፈልገህ ነው?»

ሙህሲን ሁለት የታተሙ ፎቶዎች አወጣ። መጀመሪያ ክቡን ሰጠው። ቀጥሎ ሙሉውን። በድረዲን ሙሉውን ሲያይ ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ።

«እና ምን ይሁን? ጠዋት የተነሣሁትን ከሰዓት ብልክልህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ክቡን ግን ሕሉፍ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ ቆቦ ተቀምጦ ሠራው። ከስልክህ በገመድ ቀድቶ። ለሂባ ልኮላታል፤ አንተ አላየህም።»

በድረዲን አካፋውን መሬት ላይ ተከለና ተደገፈበት።

«የመይሙናንም ፎቶ አይቻለሁ» አለ ሙህሲን።

«ፋይሉን አጥፋው ብዬ ለመንኩት» አለ በድረዲን በመጨረሻ፣ ውሃውን እያየ። «ማክሰኞ ነው። 'ለመይሙና ራስህ ንገራት፤ እስከ እሑድ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ እኔን አታለህ ነው በእጄ ያሠራኸኝ' አለኝ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ሄድኩና 'እነግራታለሁ' አልኩት። ደስ አለው። አቀፈኝ። ሻይ አዘዘ።»

«ከዚያ ፎቶውን አሠራኸው።»

በድረዲን የቦዩን ጭቃ በእግሩ ገፋ።

«እየሳቀ ሠራልህ። ተስፋይ ደጅ ሆኖ ሰምቶታል። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ለእኔ ስትልክልኝ ሕሉፍ በሕይወት ነበር?»

«'ለሙህሲን ላክለት፣ ይቅና' ያለኝ እሱ ነው» አለ በድረዲን።

ሙህሲን እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ያዘ። «በዚህ ከተማ ስንት ሰው አለ» አለ። «ለምን እኔን? ለምን ምስክርህ እኔን አደረግኸኝ?»

«ያንተን ቃል የሚጠራጠር ስለሌለ።» በድረዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። «ሙህሲን፣ የእህቴ ባል ነህ። የኢቅራ አጎት ነኝ። ፎቶውን ያየችው ያቺ ሂባ ያልካት ልጅ ብቻ ናት...»

ሙህሲን ፊቱን አዞረና ወደ መንገዱ እጁን አነሣ። ቆንጅትና ሁለት ፖሊሶች በቦዩ ዳር እየተራመዱ መጡ። ሲፒዩው የት እንዳለ ስትጠይቀው በድረዲን በአገጩ ሞተር ቤቱን፣ ከጎኑ ያለውን የደረቀ ጉድጓድ አመለከታት። ካቴናውን ያጠለቀችለት እሷ ናት። ሙህሲን እስከዚያ ድረስ የሽንኩርቱን መስመር ሲያይ ቆሞ ነበር፤ የሚያየውን ግን አላየውም።

* * *

ለመይሙና የነገራት በዚያው ዕለት፣ ኢቅራ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ነው። አልጮኸችም። ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ ለረጅም ጊዜ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ስታሻሽ ቆየች።

«ሕሉፍ ሊነግረኝ ነበር?» አለች።

«አዎ።»

«ዝም ቢል ኖሮ በሕይወት ነበር።»

«አዎ።»

«መሬቱን ቢጠይቀኝ እኮ እሰጠው ነበር» አለች መይሙና። «ወላሂ እሰጠው ነበር። ወንድሜ አይደል? መጠየቅ ብቻ ነበረበት።» ያኔ አለቀሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ሻርፗን አስራ ተነሣች። ቃሏን ልትሰጥ ነው። ያ አሻራ የእሷ አለመሆኑን፣ ያን ዕለት ደሴ መሆኗን፣ ያ ፎቶ ከየት እንደመጣ። ሙህሲን እንድትቆይ፣ እንድታስብበት ሊነግራት ፈለገና ተወው። አብሯት ሄደ።

ቆንጅት በፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተቀበለቻቸው። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ...» ብላ ቆመች።

«አውቃለሁ» አላት። «ውጭ ነኝ።»

መይሙና ብቻዋን ገባች። ሙህሲን ዐሥራ አምስት ዓመት ከውስጥ ሆኖ ስም የጠራበት በር ደጃፍ፣ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ጸሐዩ ወጥቶ መሞቅ ጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ ለተ ብርሃን በጥቁር ልብሷ በሩን ገፍታ ገባች፤ ጉድጓዱ ውስጥ የተገኘውን የባሏን ስልክ ለመለየት ተጠርታ ነው። ሙህሲንን ስታየው ቆመች። ከዚያ የአግዳሚው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሙህሲን ሊያጽናናት የሚችልበት ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ሁሉ በድረዲን ድንኳኑ ውስጥ የተናገራት ሆነበት።

«ውስጥ ማን አለ?» አለች በመጨረሻ።

«መይሙና።»

«ምን ልትላቸው?»

«እውነቱን። በገዛ ወንድሟ ላይ።»

ለተ ብርሃን የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ቆየች። የተዘጋውን በር አየችው። ከውስጥ የመይሙና ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ይሰማል።

«እንግዲህ ስትወጣ ብቻዋን መሆን የለባትም» አለች። «እኔም እጠብቃታለሁ።»